የዕቁቡ ገንዘብ ሸክላ ማጫወቻ ይሁን ወይ?

በዚህ ወር ሁለት ደብዳቤ ብቻ ነው የማስተናግደው። የመጀመሪያው መልስ ረዝሞብኛል፤ ሁለተኛው አጭር ነው፣ ግን ያለ እሱ የመጀመሪያው አይሟላም።

ጥያቄ

ጋሼ፣ ጤና ይስጥልን። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የምንኖር ሁለት የአክስት ልጆች ነን። ቀን እኔ ሊፍት እጠግናለሁ፣ እሱ የሆስፒታል መሣሪያ ይጠግናል። ማታ ማታ እኔ ቤት ቤዝመንት ውስጥ ፎኖ ፕሪአምፕ (ከሸክላ ማጫወቻ የሚወጣውን ደካማ ድምፅ የሚያሳድግ ሳጥን) እንሠራለን። በወር 20 ያህል እንሸጣለን፣ አንዱ 189 ዶላር ነው። ከገዢዎቻችን ብዙዎቹ ደጋግመው የሚሉን አንድ ነገር ነው፦ «ማጫወቻውንስ ለምን አትሠሩም? ከ300 ዶላር የማይበልጥ ጥሩ ሸክላ ማጫወቻ ብታወጡ እንገዛችኋለን።»

አሁን በወር 1,000 ዶላር የምንጥልበት የ25 ሰው ዕቁብ በስድስተኛው ዕጣ ደረሰን። 25,000 ዶላር በእጃችን አለ። የአክስቴ ልጅ «ራሳችን እንሥራው» ይላል። አሜሪካ ውስጥ በ2022 የተሸጠው ሸክላ 41 ሚሊዮን፣ ሲዲ ደግሞ 33 ሚሊዮን ነው፤ ሉሚኔት የሚባለው ድርጅት በ2023 እንዳወጣው ሸክላ ከሚገዙት ሰዎች ማጫወቻ ያላቸው ግማሹ ብቻ ናቸው፤ «የቀረው ግማሽ የእኛ ነው» ብሎ ያሰላል። እኔ ደግሞ ታይዋን አሠርተን ስማችንን እንለጥፍበት እላለሁ። በዚህ ነገር ሁለት ሳምንት ተኮራርፈናል። እርስዎ አንድ ጊዜ ሞክረውት እንደነበር ሰምተናልና ምን ይመክሩናል?

መልስ

ልጆቼ፣ ሁለታችሁም ተሸንፋችኋልና ቡና አፍሉና ታረቁ። የ300 ዶላሩን ማጫወቻ አትሥሩት። ታይዋን አሠርታችሁም ስማችሁን አትለጥፉበት። ምክንያቱ ባንድ ትንፋሽ ስለማያልቅ ታገሡኝ።

የሰማችሁት እውነት ነው። በ2013 (እ.ኤ.አ.፤ እዚህ ላይ የምጠራው ዓመት ሁሉ እንዲሁ ነው) አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ከአንድ ወዳጄ ጋር 30 ማጫወቻ ሠርተናል። ስም ሁሉ አውጥተንለት ነበር፤ ስሙን አልነግራችሁም፣ ያሳፍራል። ሐሳባችን የእናንተው ነው፦ አካሉን ኤምዲኤፍ ከሚባል የተጨመቀ እንጨት ቆርጠን፣ ክንዱንና ሞተሩን ገዝተን፣ ሳህኑን ከአሉሚኒየም፣ ኩሽኔታውንና ዘንጉን ሰፈር ካለ ቶርኖ ቤት አስቀርጸን፣ በ280 ዶላር መሸጥ። እኔ ልጅ ሆኜ ፒያሳ ካውያ ከያዝኩበት ቀን ጀምሮ የሰው ማጫወቻ ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝ። ሲጠግን የኖረ ሰው መሥራት ያቅተዋል ብዬ እንዴት ላስብ?

የመጀመሪያዎቹ ስምንቱ ግሩም ነበሩ። አንዱን እስከ ዛሬ ቤቴ አጫውተዋለሁ። ከዘጠነኛው ጀምሮ ቶርኖ ቤቱ ቢላ ሳይቀይር ቀረ መሰለኝ፣ ዘንጉ ኩሽኔታው ውስጥ የፀጉር ያህል መወዛወዝ ጀመረ። ወስጄ አሳየሁት። ሰውዬው በካሊፐር ለካና «ልክ ነው» አለኝ። ዋሽቶ አይደለም፤ እሱ ለሚሠራው የመኪና ዕቃ ልክ ነው። የሸክላው ቦይ ግን ወርዱ 0.05 ሚሊሜትር አካባቢ ነው፤ ከፀጉር አይሰፋም። መርፌው የሚያነበው ደግሞ በዚያ ቦይ ግድግዳ ላይ ያለውን ከዚያ በብዙ እጥፍ ያነሰ ሞገድ ነው። የፀጉር ያህል መወዛወዝ ለዚህ መርፌ የመሬት መንቀጥቀጥ ነው።

እዚህ ላይ ከእናንተ በላይ የሚገባው የለም፤ ፕሪአምፕ ሠሪዎች ናችሁ። ከ1954 ጀምሮ ሸክላ ሲቀረጽ ወፍራሙ ድምፅ ይቀነሳል፣ ቀጭኑ ይጨመራል፤ የእናንተ ሳጥን ሥራው ያንን ገልብጦ መመለስ ነው። መርፌውን ከያዘው ካርትሪጅ 5 ሚሊቮልት ትቀበላላችሁ። መሃል ላይ ያለውን ድምፅ 100 ጊዜ ስታሳድጉት፣ 20 ሄርዝ ላይ ያለውን ወፍራም ድምፅ ወደ 900 ጊዜ ታሳድጉታላችሁ። የኩሽኔታ ጉርምርምታና የሞተር መንቀጥቀጥ ሰፈራቸው የት ነው? እዚያው ታች ነው። እንግዲህ ፕሪአምፓችሁ በተሻሻለ ቁጥር የገዛ ኩሽኔታችሁን ገመና ለጎረቤት ያሰማል። እኔ ይህን ያወቅሁት 22 ማጫወቻ ከተሠራ በኋላ ነው። እናንተ ገና ምንም ሳትሠሩ አወቃችሁት።

ቺንጋውን የሚጎትተው ትንሽ መዘውር፣ ፑሊውም አለ። ዲያሜትሩ 10 ሚሊሜትር የሆነ የሞተር ፑሊ ቀዳዳው ከመሃሉ በ0.01 ሚሊሜትር ቢስት፣ ሞተሩ በዞረ ቁጥር ፍጥነቱ ወደ ላይም ወደ ታችም 0.2 በመቶ ይዋዥቃል። ቺንጋው ላስቲክ ነው፣ ሳህኑም ከባድ ነው፤ ከዚያ ውዥቀት የተወሰነውን ይውጡታል፣ ሁሉንም ግን አይውጡም። በማሲንቆ ብትፈትኑት አይሰማችሁም፤ ማሲንቆ ራሱ እየተንሸራተተ ነው የሚያለቅሰው። የእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩን ፒያኖ አስቀምጡበት። አንዷን ቁልፍ ነክተው እስክትጠፋ ድረስ ሲተዋት፣ ድምፅዋ እንደ ጧፍ ነበልባል ሲርገበገብ ትሰማላችሁ። አንድ ገዢ ስልክ ደውሎ «ፒያኖው የሰከረ ይመስላል» ብሎኛል። ምን እንደምመልስለት ጨነቀኝ።

ግን ስሙ፤ እኛን የገደለን ኩሽኔታው አልነበረም።

ከ30ዎቹ 11 ተመለሱ። አንድ በአንድ ስከፍታቸው ጥፋት የተገኘባቸው 4 ብቻ ናቸው። ሰባቱ ጤነኛ ናቸው። አንዱ ሰውዬ የመርፌውን መሸፈኛ ሳያወልቅ ነው ያጫወተው፤ «ድምፅ የለውም» ብሎ መለሰው። አንዷ ማጫወቻውን ስፒከሩ አናት ላይ አስቀምጣ ድምፁን ከፍ ስታደርግ ይጮኽባታል። አንዱ የክንዱን የኋላ ክብደት ገልብጦ ገጥሞት መርፌው አላርፍ ሲለው፣ የክንዱ ራስ ላይ ሳንቲም በፕላስተር ለጥፎበታል። ሳንቲሙን ሳየው ሳቄ መጣ። ፒያሳ ሳለሁም ሸክላ ዘለለ ሲባል መድኃኒቱ አምስት ሳንቲም ነበር፤ በዚያ መድኃኒት ስንት ሸክላ እንደታረሰ እግዜር ይወቀው።

ርካሽ ማጫወቻ የሚገዛው ማን እንደሆነ አስቡ። 2,000 ዶላር የሚያወጣ ሰው የመርፌው ክብደት 2 ግራም ይሁን ሲባል ትንሿን ሚዛን ከመሳቢያው ያወጣል። 300 ዶላር ያወጣችው ልጅ ግን ማጫወቻ ነክታ አታውቅም። ሳጥኑን ከፍታ ዘፈን መስማት ነው የምትፈልገው፣ መብቷም ነው። ስለዚህ ርካሽ ማጫወቻ የሚሸጥ ሰው አብሮ የሚሸጠው ስልክ ማንሳት ነው። እኔ ያኔ ከሥራ ስገባ የሚጠብቁኝ አምስት ስድስት መልእክቶች ነበሩ፤ ራት እየበላሁ «መጀመሪያ ክንዱ በአየር ላይ እስኪንሳፈፍ ክብደቱን አሽከርክሩት» እላለሁ። አንተ ሊፍት ጉድጓድ ውስጥ ገብተህ ይህን ለማን ታስረዳለህ? ፕሪአምፕ እኮ በሁለት ገመድ ይሰካል፣ አለቀ።

ፖስታውም እንዲሁ ነው። አንዱን ማጫወቻ ወደ ካሊፎርኒያ ለመላክ 34 ዶላር ከፈልኩ። ሲመለስ ሌላ 34፤ ምንም ሳይጎድለው ተመልሶ ሲሄድ ሌላ 34። በድምሩ 102 ዶላር። ካንዱ ማጫወቻ የማገኘው ትርፍ 60 ነበር። በዚህ ላይ አንዱ ገዢ ሳህኑን ሳያወጣ ስላሸገው፣ በጉዞው ሁሉ ሳህኑ ኩሽኔታውን ሲወቅጠው ነው የመጣው። የተረፉት ሳህኖች እስካሁን ቤቴ አሉ። ባለቤቴ ድፎ ዳቦ ስታወጣ ታሳርፍባቸዋለች። ቶሎ ያቀዘቅዝልኛል ትላለች፤ አሉሚኒየሙ ጥሩ ነው።

«ታዲያ ሌሎቹ እንዴት ቻሉት?» ትሉኛላችሁ። ፕሮ-ጄክት የሚባለውን ማጫወቻ ሠሪ ድርጅት ውሰዱ። ሃይንዝ ሊክተንኤገር በ1991 ኦስትሪያ ላይ ሲጀምር ፋብሪካ ከባዶ አላቋቋመም። ቼክ ውስጥ ሊቶቬል በምትባል ከተማ፣ በሶሻሊስቱ ዘመን ቴስላ በሚል ስም ማጫወቻ ሲሠራበት የኖረ ፋብሪካ ነው ያገኘው። መሣሪያው፣ እጁ የለመደ ሠራተኛ፣ ሁሉም እዚያው ቆሞ ይጠብቀው ነበር ማለት ይቻላል። እንግሊዞቹ ሬጋዎች ደግሞ ከ1973 ጀምሮ ሳውዝኤንድ አሉ። በ1983 አርቢ300 የተባለውን ባንድ ወጥ ከአሉሚኒየም የሚፈስ ክንድ ሲያወጡ፣ ለራሳቸው ማጫወቻ ብቻ አላስቀሩትም፤ ለሌሎች ሠሪዎችም ሸጡት። የሻጋታን ዕዳ የሚከፍለው ብዛት ነው። በወር 20 ለሚሸጥ ሰው ሻጋታ የቤት ዕዳ ማለት ነው።

የአክስትህ ልጅ ማንን እንደሚጠቅስልህ አውቃለሁ፤ ዩ-ተርንን ነው። ሦስት ጓደኛሞች ማሳቹሴትስ ውስጥ በ2012 ጀመሩ፣ ኪክስታርተር በሚባለው የገንዘብ ማሰባሰቢያ ድረ ገጽ ላይ ከ230,000 ዶላር በላይ ሰበሰቡ፣ ኦርቢት የሚባለውን በ179 ዶላር አወጡ። እውነት ነው፣ ደስ የሚል ታሪክ ነው። ግን ሁለት ነገር አስተውሉ። ገንዘባቸው የእናንተን ዘጠኝ እጥፍ ነው፤ ያውም ከገዢ በቅድሚያ የመጣ እንጂ የዕቁብ አይደለም። ሁለተኛው ይበልጣል፦ ያ የ179 ዶላር ማጫወቻ ክንዱን ቀስ አድርጎ የሚያወርድ ማንሻ እንኳ አልነበረውም። በደቂቃ ከ33 ዙር ወደ 45 ለመሄድ ቺንጋውን በእጅ ማዛወር ነበረባችሁ። ያተረፋቸው ያልጨመሩት ነገር ነው። እናንተ ያንን ታደርጉ ነበር? ደብዳቤያችሁ ላይ የምፈራት አንዲት ቃል ብትኖር «ጥሩ» የምትለዋ ናት፤ እሷ ናት ገንዘብ የምትበላው።

ቴክኒክስም አለ። ኤስኤል-1200 የተባለውን ማጫወቻ ከ1972 ጀምሮ ሲሠራ ቆይቶ በ2010 አቆመ። በ2016 ሲመለስ የለጠፈበት ዋጋ 4,000 ዶላር ነው። ያን ያህል ልምድና ያን ያህል ገንዘብ ያለው ድርጅት እንኳ ስድስት ዓመት የተቋረጠ ሥራ ሲቀጥል በ300 አልጀመረም።

ስለ ቁጥሩ ደግሞ፦ ሸክላ ከሚገዛው ግማሹ ማጫወቻ የለውም ማለት ግማሹ ማጫወቻ ይፈልጋል ማለት አይደለም። የእህቴ ልጅ አሥር ሸክላ አላት፣ አሥሩም ግድግዳ ላይ ተሰቅለዋል። አንዱን ላጫውትልሽ ብላት «ሽፋኑ ይቀደዳል» አለችኝ።

ታይዋንን በተመለከተ አጭር ነው። እዚያ ሃንፒን የሚባል ፋብሪካ አለ፤ በልዩ ልዩ ስም የምታዩዋቸው ብዙ ማጫወቻዎች ከዚያ የወጡ ናቸው። ሥራው አያሳፍርም፤ እኔ ከሠራኋቸው 22ቱ በእርግጥ ይሻላል። ነገር ግን እናንተ 200 ስታዝዙ ሌላው ብዙ ሺህ ያዛል፤ ያው ማጫወቻ በሌላ ስም ከእናንተ በርካሽ መደርደሪያ ላይ ይቆማል። ስልኩንም፣ ፖስታውንም፣ የተገለበጠውን ክብደትም አሁንም የምትሸከሙት እናንተ ናችሁ። ሰዎች ፕሪአምፓችሁን የሚገዙት ሁለት ሰዎች ቤዝመንት ውስጥ በካውያ የሠሩት ስለሆነ ነው። ይህን ስም ካርቶን ላይ ለሚለጠፍ ወረቀት አትሽጡት።

አንድ ነገር ደግሞ አልወደድኩላችሁም። «ዕቁብ ደረሰን» ብላችሁ ጽፋችኋል። ደረሳችሁ እንጂ ጥላችሁ አልጨረሳችሁም፤ ገና 19 ወር ትጥላላችሁ። እኛ ወረቀት ላይ ከሣልንበት ቀን እስከ መጀመሪያው ሽያጭ 14 ወር ፈጅቶብናል። በ14 ወር እናንተ 14,000 ዶላር ለዕቁቡ ጥላችሁ ማጫወቻው ገና አንድ ዶላር አላመጣም። ዕቁብ ሰብሳቢው ደግሞ «ኩሽኔታው ተወዛወዘብን» ብትሉት አይገባውም። 24 ሰው ፊት ነው የምትቆሙት፤ ከነዚያ ውስጥ ስንቱን በሠርግና በለቅሶ እንደምታገኙት እናንተ ታውቃላችሁ።

እንግዲህ ምን እንሥራ? ከታች ያለውን የሁለተኛዋን ጠያቂ ደብዳቤ አንብቡት። ብዙ ድሮ የተሠሩም፣ አንዳንድ አሁን የሚሠሩም ባለ ቺንጋ ማጫወቻዎች ሞተራቸው ፍጥነቱን የሚቆጥረው ከግድግዳው መብራት ሄርዝ ነው፤ መብራቱ በሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ ማለት ነው። 24 ፖል (የማግኔት ዋልታ) ያለው ሞተር እዚህ አሜሪካ 60 ሄርዝ ላይ በደቂቃ 300 ጊዜ ይዞራል፣ አዲስ አበባ 50 ሄርዝ ላይ 250 ጊዜ። ትራንስፎርመር ቮልቱን ይለውጣል እንጂ ሄርዙን አይነካውም። እናንተ ግን ሄርዙን ራሱ የሚያመነጭ ሳጥን መሥራት ትችላላችሁ፦ አንድ ኦሲሌተር፣ አንድ ትንሽ አምፕሊፋየር፣ ቮልቱን የሚያወጣ ትራንስፎርመር። እንዲህ ያለ ሞተር የሚበላው ጥቂት ዋት ነው። 60 ሄርዝ ስትሰጡት ለአሜሪካ የተሠራው ማጫወቻ የትም አገር ሆኖ 33 ከ1/3 ይዞራል። 81 ሄርዝ ስትሰጡት 45 ይሆናል። ቺንጋ ማዛወር ቀረ፣ ሳህን ማንሳት ቀረ፣ አንድ ቁልፍ መጫን ነው። ለ50 ሄርዝ የተሠራ ከሆነ 50 እና 67.5 ነው።

ይህ ለእኛ ሰው ቀላል ነገር አይደለም። ዐምሃ እሸቴ በ1969 የራሱን ሸክላ ማውጣት ከጀመረ በኋላ እስከ ካሴቱ ዘመን ከወጣው የአገራችን ሸክላ አብዛኛው ትንሿ ባለ 45 ናት። አንድ ዘፈን ባንድ ገጽ፣ ሦስት አራት ደቂቃ። አንድ ምሽት እንግዳ ጠርታችሁ ስትጫወቱ ቺንጋውን አሥር ጊዜ ታዛውራላችሁ፤ በጣታችሁ ቅባት ቺንጋው ይበላሻል። ገዢው ደግሞ ሐበሻ ብቻ አይደለም፤ ቶረንስና ሬጋ የተባሉት ማጫወቻዎች ያሉት ፈረንጅ ሁሉ ሳህን ማንሳት ሰልችቶታል። አዲስ ፈጠራ ነው አላልኩም፤ ትልልቆቹም ለየራሳቸው ማጫወቻ እንዲህ ያለ ሳጥን ይሸጣሉ። ለሁሉም የሚሆን፣ እንደ ፕሪአምፓችሁ ዋጋ የሆነ ቢኖር ግን እኔ ራሴ ሁለት እገዛለሁ። በፖስታ ኪሎ አይሞላም። ኩሽኔታ የለውም። ቢመለስ እንኳ ካውያ ይዛችሁ የምትጨርሱት ነው።

አንዳንድ ማጫወቻ ላይ ግን አይሠራም፦ ቀጥታ ሳህኑን የሚያዞር ሞተር ያላቸው እነ ቴክኒክስ፣ በዲሲ ሞተር የሚሠሩትም አይፈልጉትም። ይህን ሳጥኑ ላይ በትልቁ ጻፉ። 81 ሄርዝ ላይ ሞተሩ አቅም እንዳያንሰው ቮልቱን ትንሽ ከፍ አድርጉለት። ደግሞ ከዚህ ሳጥን የሚወጣው 120 ቮልት ነው እንጂ እንደ ፕሪአምፕ ገመዱ ሚሊቮልት አይደለም። የደኅንነት ምርመራውንና ኢንሹራንሱን ሳትጨርሱ አንድ እንኳ እንዳትሸጡ። በዚህ ቀልድ የለም።

ይህን ሁሉ ሰምታችሁ «አይ፣ ልባችን ማጫወቻው ላይ ነው» ካላችሁ፣ የልብ ነገር ስለሆነ አልከለክልም። ግን 10 ብቻ ሥሩ፤ ከ4,000 ዶላር በላይ አታፍሱበት። ክንዱን ግዙ፣ አትሥሩ። ኩሽኔታውን ከሦስት ቶርኖ ቤት ሁለት ሁለት አሠሩና አወዳድሩ፤ አሥሩንም አንድ ቀን አታሠሩ። ዋጋውን ከ600 ዶላር በታች አታስቡት። ከዚያ አሥሩን ማጫወቻ ነክተው ለማያውቁ አሥር ሰዎች ስጧቸው፤ ከመመሪያው ወረቀት በቀር ምንም አትንገሯቸው፣ አጠገባቸውም አትቁሙ። እናቶቻችሁን ጨምሩ። በሳምንቱ ውስጥ ስንት ሰው እንደደወለላችሁ ቁጠሩና ጻፉልኝ። ከሦስት በላይ ከሆነ ወረቀቱን እንደገና ጻፉት እንጂ ማጫወቻውን አትሽጡት።

ጥያቄ

ወንድሜ፣ እንደምን ከርመዋል። ከአዲስ አበባ፣ ገርጂ ነው የምጽፍልዎ። ልጄ ከአሜሪካ ሲመጣ አሮጌ ግን ንጹሕ የሆነ ሸክላ ማጫወቻ አመጣልኝ። ሟች ባለቤቴ ያስቀመጣቸው ሸክላዎች ነበሩና ደስ አለኝ። መብራቱ እንዳያቃጥለው ትራንስፎርመር ገዝተንለታል። ግን ዘፈኑ ሁሉ ይጎተታል፤ የብዙነሽ በቀለን ብከፍት የወንድ ድምፅ ሆነብኝ። አንድ ጠጋኝ «ቺንጋው ረዝሟል» ብሎ በ1,800 ብር ቀየረልኝ። ምንም ለውጥ የለም። ሸክላው ነው ያረጀው ወይስ ጆሮዬ?

መልስ

እትዬ፣ ሸክላውም ጆሮዎም ደኅና ናቸው። ጠጋኙም ክፉ ሰው ላይሆን ይችላል፤ ቺንጋው ሲያረጅ እውነትም ይጎትታል። የእርስዎ ግን ሌላ ነው።

አንድ ነገር ያድርጉ። ትንሽ ነጭ ወረቀት ሳህኑ ጠርዝ ላይ በፕላስተር ይለጥፉ። ማጫወቻውን 33 ላይ አድርገው፣ ሸክላ ሳያስቀምጡ ያስነሡት። አንድ ሰው ሰዓት ይዞ አንድ ደቂቃ ሲቆጥር፣ እርስዎ ወረቀቷ በፊትዎ ስንት ጊዜ እንዳለፈች ይቁጠሩ። 33 እና ትንሽ ከሆነ ፍጥነቱ ደኅና ነው። ወደ 28 ከሆነ ሞተሩ የአሜሪካ መብራት ለምዶ የአዲስ አበባ መብራት ላይ መምጣቱ ነው። እዚህ መብራቱ በሴኮንድ 60 ጊዜ ይመላለሳል፣ እዚያ 50 ጊዜ። ሞተሩ ያንን እየቆጠረ ነው የሚዞረው። ትራንስፎርመሩ ከመቃጠል አዳነው እንጂ ቆጠራውን አላስተካከለውም። በዚህ ምክንያት ድምፁ ከሦስት ግማሽ ቃና በላይ ይወርዳል፤ ብዙነሽ ላይ የሰሙት እሱን ነው።

ከማጫወቻው ሥር ወይም ከኋላው የተለጠፈች ጽሑፍ ትኖራለች። እዚያ ላይ «60 ሄርዝ» ብቻ ከተጻፈ ነገሩ ይኸው ነው። መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛው ሞተሩ ላይ ያለችውን ትንሿን ፑሊ ወርዷ በ20 በመቶ በሚበልጥ መቀየር ነው፤ አንዳንድ ሠሪዎች ለ50 ሄርዝ የሚሆን ፑሊ ለብቻው ይሸጣሉ፣ ልጅዎ የማጫወቻውን ስምና ቁጥር ይዞ ይጠይቅ። ቶርኖ ቤት ወስደው እንዳያስቀርጹት፤ ለምን እንደሆነ ከላይ ለልጆቹ ጽፌያለሁ። እስከዚያ ሸክላዎቹን ቁሙ አድርገው ያስቀምጧቸው፣ ፀሐይ አይንካቸው።

ሁለተኛው መፍትሔ ገና አልተሠራም። ልጅዎ የሚኖረው ሜሪላንድ አካባቢ ከሆነ ግን ይጻፍልኝና ከሁለቱ የአክስት ልጆች ጋር አገናኘዋለሁ፤ ታርቀው ከቆዩኝ።